በቤት የሚሠሩ የውሻ አጂሊቲ መሰናክሎች

አጂሊቲ ውሻ ያለ ገመድ፣ በባለቤቱ ድምፅና የእጅ ምልክት ብቻ እየተመራ፣ በሰዓት ተገድቦ መሰናክሎችን በተራ የሚያልፍበት ስፖርት ነው። መዝለያ፣ ዋሻ፣ ድልድይ፣ ኤ ፍሬም የሚባለው ባለ ጉልላት መወጣጫ፣ ሚዛን ሳንቃ፣ ተርታ ዘንግና ጎማ ዋና ዋናዎቹ መሰናክሎች ናቸው። ፋብሪካዎች ሁሉንም ሠርተው ይሸጣሉ፤ ዋጋቸው ግን የሚቀመስ አይደለም። ስለዚህ መጋዝና ሜትር የያዘ ባለ ውሻ በግቢው ውስጥ የሚሠራቸው መሰናክሎች የስፖርቱ ሁለተኛ ፊት ሆነው ኖረዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አመጣጥ

ስፖርቱ የተጀመረው በ1978 ለንደን ውስጥ በኦሊምፒያ አዳራሽ በተካሄደው ክራፍትስ የተባለ የውሾች ትርኢት ላይ ነው። የትርኢቱ ኮሚቴ አባል የነበረው ጆን ቫርሊ በዋናው ሜዳ በሁለት ዝግጅቶች መካከል ያለውን ክፍት ጊዜ የሚሞላ፣ ተመልካቹን የሚያዝናና ነገር እንዲያዘጋጅ ኃላፊነት ተሰጠው። መነሻ የሆነው የፈረስ ዝላይ ውድድር ነበር። መሰናክሎቹን ለመቅረጽ ፒተር ሚንዌል የተባለ የውሻ አሠልጣኝ አገዘው። የአጂሊቲ አባት ሲባል የሁለቱም ስም ይነሣል፤ ሐሳቡ የቫርሊ፣ ዕቃው የሚንዌል ነው ቢባል ከእውነት የሚርቅ አይመስልም። ዕቃው ባይኖር ግን ሐሳቡ ከስብሰባ ጠረጴዛ ባልወረደ ነበር። ያኔ የአጂሊቲ ዕቃ የሚባል ሸቀጥ በገበያ ላይ ስላልነበረ የስፖርቱ የመጀመሪያ መሰናክሎች ለዚያው ትርኢት ተብለው የተሠሩ ነበሩ። መሰናክል በቤታቸው የሚሠሩትን የሚንቁ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱት መልካም ነው።

ኬኔል ክለብ የተባለው የእንግሊዝ የውሾች ማኅበር በ1980 ስፖርቱን ተቀበለ። ከዚያ ወዲህ አሜሪካ ውስጥ ዩኤስዲኤኤ የተባለው የአጂሊቲ ማኅበር በ1986 ተመሠረተ፤ የአሜሪካ ኬኔል ክለብ የመጀመሪያ ውድድሩን በ1994 አካሄደ።

መዝለያና ተርታ ዘንግ

ጀማሪ የሚጀምረው በመዝለያ ነው፤ ሁለት ቋሚ፣ እግሮችና አንድ አግዳሚ ብቻ ይፈልጋል። ኤፍ ሲ አይ የሚባለው ዓለም አቀፍ የውሾች ፌዴሬሽን አግዳሚው ከ1.20 እስከ 1.30 ሜትር እንዲረዝም፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር እንዲሆንና ከብረት እንዳይሠራ ይደነግጋል። ባለ 32 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ በዚህ ልክ ውስጥ ይገባል። በብረት መጋዝ ይቆረጣል፣ ኤልቦና ቲ በሚባሉ የቧንቧ ማገናኛዎች ይገጣጠማል። እግሮቹ በኮላ ተጣብቀው ቋሚዎቹ ሳይጣበቁ ቢቀሩ ዕቃው ተነቃቅሎ በመኪና ይጫናል።

ቁም ነገሩ ያለው አግዳሚው በሚያርፍበት መያዣ ላይ ነው። ውሻው ሲነካው አግዳሚው በየትኛውም አቅጣጫ ወዲያው መውደቅ አለበት። አግዳሚውን በገመድ ያሰረ ወይም በሁለት ሚስማር መካከል የሰነቀረ ሰው የሠራው መዝለያ ሳይሆን ወጥመድ ነው። ሁነኛው ዘዴ ከባለ 40 ሚሊ ሜትር ቧንቧ ጥልቀት የሌለው ቅስት ቆርጦ በቋሚው ላይ በብሎን ማሠር ነው። ቋሚው ላይ በየ5 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ቢበጅለት አንዱ መዝለያ ለሁሉም ቁመት ያገለግላል፤ በኤፍ ሲ አይ ደንብ ትናንሾቹ ውሾች ከ25 እስከ 30፣ ትልልቆቹ ከ55 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ይዘላሉ። አጥንቱ ያልጠና ቡችላ ግን አግዳሚው መሬት ላይ ተጋድሞለት ቢለማመድ ይበቃዋል። ፌዴሬሽኑም ከ18 ወር በታች የሆነን ውሻ አያወዳድርም።

ተርታ ዘንግ ውሻው በመካከላቸው እየተጠማዘዘ የሚያልፍባቸው 12 ቋሚ ዘንጎች ናቸው፤ በመካከላቸው 60 ሴንቲ ሜትር ስለሚተው ተርታው 6.60 ሜትር ይረዝማል። ርቀቱን በዓይን መገመት አያዋጣም፤ ውሻው እርምጃውን የሚለካው በእሱ ነውና በጠባብ ተርታ የለመደ ውሻ ውድድር ላይ ምቱ ይበላሽበታል።

መወጣጫዎች

ኤ ፍሬም በማጠፊያ የተያያዙ ሁለት ሰፋፊ ገበታዎች ናቸው። ስፋታቸው ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር፣ የጉልላቱ ከፍታ 1.70 ሜትር ነው። እያንዳንዱ ገበታ 2.70 ሜትር ቢሆን እግሮቹ 4.20 ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ በገበታዎቹ ወገብ ላይ የሚወጠረው ሰንሰለት ደግሞ የዚህ ግማሽ፣ 2.10 ሜትር፣ ይሆናል ማለት ነው። ሰንሰለቱ ቢበጠስ ገበታው ከነውሻው መሬት ላይ ስለሚዘረጋ ሁለት ሰንሰለት ማድረግ ብልህነት ነው። የገበታው ልብስ ኮምፔርሳቶ፣ አጥንቱ ሞራሌ ይሆናል። ውሻው የግድ ሊረግጠው የሚገባው የታችኛው ክፍል በሌላ ቀለም ይቀባል፤ አብዛኛውን ጊዜ ቢጫ ነው። ቀለም ላይ አሸዋ መነስነስ የቆየ ዘዴ ሲሆን መንሸራተትን ይከላከላል፤ ነገር ግን መዳፍ ይልጣል። ዛሬ የሚመረጠው የተፈጨ ጎማ በማጣበቂያ መለሰን ነው።

ሠሪውን ከሠሪ የሚለየው ሚዛን ሳንቃ ነው። በመሃሉ ብቻ ተደግፎ ወዲያና ወዲህ የሚያጋድል፣ ከ3.60 እስከ 3.80 ሜትር ርዝመትና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሳንቃ ነው፤ ድጋፉ ከመሬት 60 ሴንቲ ሜትር ይነሣል። ኤፍ ሲ አይ ያወጣው ፈተና አጭር ነው፦ ከፍ ባለው ጫፍ፣ በቀለም በተለየው 90 ሴንቲ ሜትር መሃል ላይ 1 ኪሎ ግራም ሲቀመጥ ሳንቃው ከ2 እስከ 3 ሰከንድ ውስጥ መሬት መንካት አለበት። ይህ ትንሹ ውሻ እንዳይቸገር የተደነገገ ነው። በሌላ በኩል ሳንቃው ውሻ ካለፈበት በኋላ ወደ መግቢያው ጎን በራሱ መመለስ ስለሚገባው ድጋፉ ከእኩሌታው ትንሽ ተዛንፎ ይተከላል። እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚሳሳተው። ሳንቃው 3.70 ሜትር ከሆነ 1 ኪሎው ከድጋፉ 1.40 ሜትር ይርቃል። 20 ኪሎ የሚመዝን ሳንቃ በ2 ሴንቲ ሜትር ቢዛነፍ 1 ኪሎው በቀላሉ ያጋድለዋል፤ መዛነፉ 7 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ግን ኃይሎቹ እኩል ይሆኑና ሳንቃው ንቅንቅ አይልም። ስለዚህ ድጋፉን ለዘለቄታው ከማሠር በፊት በብሎን ላላ አድርጎ መያዝ፣ በኪሎ መፈተን፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየገፉ መልሶ መፈተን ያስፈልጋል። ሳንቃው ቀለምና ጎማ ሲለብስ ክብደቱ ስለሚለወጥ ፈተናው ከቀለሙ በኋላም ይደገማል። ብዙ ውሾች የሚፈሩት ከማጋደሉ ይልቅ ሳንቃው መሬት ሲመታ የሚያሰማውን ድምፅ ነው፤ ለጀማሪ ውሻ ከጫፉ ሥር አሮጌ ፍራሽ ይነጠፍለታል። ናዳክ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ሚዛን ሳንቃን ከውድድሩ አስወጥቶታል፤ ሌሎቹ ይዘውት ቀጥለዋል።

ጎማና ዋሻ

ስሙ እንደሚነግረን ውሻው በቀዳዳው የሚዘልበት ጎማ በመጀመሪያ የመኪና ጎማ ነበር። ዛሬ በቤት የሚሠራው እንደ ቆርቆሮ ሸንተረር ካለው ባለ 10 ሴንቲ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ ነው፤ 60 ሴንቲ ሜትር ክፍት ቀለበት ለማውጣት 2.20 ሜትር ያህል ይበቃል። የቀለበቱ ሁለት ጫፎች በማግኔት ወይም በሚላቀቅ ማሠሪያ ብቻ ይያያዛሉ፤ ውሻ ቢጋጭ እንዲከፈት ነው። ዋሻ መስፋት የሽቦውን ጥምዝ ከጨርቁ ጋር ማዋሐድ ስለሚጠይቅ አድካሚ ነው፤ በዚህ በኩል ፋብሪካው ይሻላል። ከበርሜል ላይ ሸራ የሚንጠለጠልበት ሌላው ዓይነት ዋሻ፣ ውሾች በጨርቁ እየተጠላለፉ ስለሚጎዱ የአሜሪካ ኬኔል ክለብ በ2016 አስቀርቶታል።

ጥበቃ

ፀሐይ የፒቪሲ ቧንቧን እያደረቀ ይሰነጥቀዋል፤ የተሰነጠቀ አግዳሚ ጠርዙ እንደ ምላጭ ስለሚስል ወዲያው ይጣላል። ኮምፔርሳቶ ከጠርዙ ውኃ ስለሚጠጣ ጠርዞቹ ከገጹ ይልቅ ደጋግመው ይቀባሉ። ዳዶዎች በውሻው ሩጫ ስለሚላሉ ከልምምድ በፊት በቁልፍ ይፈተሻሉ፤ የብሎን ጫፍ ደግሞ ውሻ በሚያልፍበት ጎን እንዳይወጣ ይደረጋል።