የጓሮ አትክልት በቴሌቪዥን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ሐዋሳ ውስጥ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል አንድ ነገር ይተክላል። አንዱ ከአጥሩ ሥር ጎመን ይደረድራል፣ ሌላው ከበሩ አጠገብ አቮካዶ ያሳድጋል፣ ግቢ የሌለው የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ደግሞ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ጤና አዳምና በሶብላ ያበቅላል። እኔም አቶቴ አካባቢ በምኖርበት ግቢ ለዓመታት አትክልት ሳለማ ስለ ተክል የሚያወሩ የቴሌቪዥን ፕሮግራሞችን ደብተር ይዤ ስከታተል ኖሬያለሁ። ከጎረቤቶቼና በየመንገዱ ዳር ችግኝ ከሚሸጡ ወጣቶች ጋር ስንወያይ ስለነዚህ ፕሮግራሞች ጥራትና ትኩረት ደጋግሜ የምሰማቸው አንዳንድ አመለካከቶች ግን ልክ አይደሉም። እኔ ራሴ ለረጅም ጊዜ ያመንኩባቸውም አሉበት።

«የውጭዎቹ ፕሮግራሞች በጥራት የላቁ ስለሆኑ እነሱን መከተል ይበቃል»

ጥራታቸው አይካድም። የእንግሊዙ ቢቢሲ «ጋርደነርስ ወርልድ» የተባለውን ፕሮግራም የጀመረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ነው፤ አንድን የአትክልት ስፍራ በየወቅቱ እየተመለሱ የማሳየት ልማዱም ሊቀሰምለት የሚገባ ነው። ትምህርቱ የተቀመረው ግን ለዚያ አገር ሰማይ ነው። እንግሊዝ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ50 እስከ 55 ዲግሪ ርቃ ስትገኝ፣ ሐዋሳ ያለችው በ7 ዲግሪ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ይህ ልዩነት የሙቀትና የብርድ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ስለሚታሰብ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው።

አንዱን ምክር ብቻ እንይ። ፀሐይ የሚወድ ተክል ወደ ደቡብ በሚያይ ግድግዳ ሥር እንዲተከል ደጋግመው ይመክራሉ። እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ስለምትውል ምክሩ ትክክል ነው። ሐዋሳ ላይ ግን ከመጋቢት መጨረሻ አንስቶ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ትዘነብላለች፤ ስለዚህ ምክሩን ቃል በቃል የተከተለ ሰው ተክሉን በዓመቱ አምስት ወር በሚሆነው ጊዜ፣ ያውም ዝናቡ በሚያሳድግበት ወቅት፣ በቀትር ጥላ ውስጥ ያኖረዋል።

የሽንኩርቱ ነገር ከዚህ ይብሳል። ሽንኩርት ኮረት፣ ማለትም የምንበላውን ክብ ራሱን፣ መቋጠር የሚጀምረው የቀኑን ርዝመት ለክቶ ነው። በሰሜን አውሮፓ የሚዘሩት ዝርያዎች ለዚህ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚረዝም ቀን ይፈልጋሉ፤ እኛ ዘንድ ደግሞ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እንኳ ከ12 ሰዓት ተኩል እምብዛም አያልፍም። አንድ ጎረቤቴ በቴሌቪዥን ባየው ሽንኩርት ተማርኮ ውጭ አገር ካለ ዘመዱ ዘሩን አስመጥቶ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ውኃ ሳይነፍገው ያሳደገው መደብ ለምለም ቅጠል ሆኖ ቀረ፤ ነቅለን ስናየው አንገቱ እንደ ባሮ ሽንኩርት ቀጥ ያለ ነው፣ ኮረት የሚባል ነገር አልያዘም። ጥፋቱ የአፈሩም የእጁም አልነበረም። በአጭር ቀን ኮረት የሚቋጥሩት «አዳማ ሬድ» እና «ቦምቤይ ሬድ» የዘር መደብር ውስጥ እያሉ ነው ያን ያህል የደከመው።

ትርጉሙም ሌላ ጣጣ አለው። «ስፒናች» የሚለውን ስም ተርጓሚው «ቆስጣ» ብሎ ያልፈዋል። የእኛ ቆስጣ ግን ከቀይ ሥር ጋር አንድ ዝርያ ሲሆን ከዳር ከዳር እየተቀነጠሰ ለወራት ይበላል፤ እነሱ የሚያሳዩት ተክል ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ቶሎ አበባ ወደ ማውጣት ይሄዳል። አፕልም ቢሆን ብርዱን ካላገኘ በወጉ አያፈራም፤ ጨንቻ ደጋ ላይ የሚያምርብን ለዚህ ነው።

«ስለ ግብርና የሚያወራ ፕሮግራም እያለ ለጓሮ ሌላ አያስፈልግም»

ይህን ሐሳብ የሚሰነዝሩት አብዛኛውን ጊዜ በቅን ልቦና ነው፤ የግብርና ፕሮግራሞቻችን ብዙ ቁም ነገር እንዳላቸውም አልጠራጠርም። ሆኖም የሚናገሩት ለባለ ማሳ ነው፤ መለኪያቸው ሄክታር፣ ኩንታልና ጥማድ ነው። አንድ እንግዳ ባለሙያ «በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ» ብሎ ሲናገር፣ አራት ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ የቆስጣ መደብ ያላት እናት ምን ያህል ማድረግ እንዳለባት ማን ይነግራታል? ሒሳቡ በካሬ ሜትር 10 ግራም፣ ለመደቧ በሙሉ 40 ግራም ነው፤ ከአንድ ጭብጥ አይበልጥም። ይህን የሚያሰላላት ስለሌለ በጣሳ ትበትናለች፤ ቅጠሉ በማግሥቱ ጫፍ ጫፉ ይቃጠላል፤ ከዚያ «ማዳበሪያ መርዝ ነው» የሚል ወሬ ከግቢ ወደ ግቢ ይዛመታል። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢጨመር ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

በሌላው ጫፍ ያሉት ደግሞ የተንጣለለ ሣር፣ የተከረከመ አጥርና ከውጭ የመጣ የአበባ ማሰሮ ያለበትን ቪላ የሚያስጎበኙት ናቸው። ከስንዴ ማሳው እና ከቪላው መካከል ያለው ሰፊ ሕዝብ፣ ማለትም የሃያ ካሬ ሜትር ጓሮ ባለቤት፣ ተከራዩ እና ባለ ጀሪካኑ፣ የራሱ ፕሮግራም የለውም።

«ቀላል የቤት ውስጥ ዘዴዎችን መሞከር ጉዳት የለውም»

ባለፈው ዓመት የቲማቲሞቼ ፍሬዎች ገና አረንጓዴ ሳሉ ከታች፣ አበባው በረገፈበት ጫፍ በኩል፣ ውኃ የቋጠረ የሚመስል ነጠብጣብ ያወጡ ነበር። በሳምንት ውስጥ ቦታው ይጠቁርና ወደ ውስጥ ሰርጉዶ እንደ ቆዳ ይደርቃል። በአንድ ፕሮግራም ላይ የእንቁላል ቅርፊት ተፈጭቶ ሥሩ ላይ ቢበተን እንደሚድን ሲነገር ሰምቼ ሁለት ወር ያህል ቅርፊት ሳጠራቅም፣ ሳሰጣና በሙቀጫ ስወቅጥ ከረምኩ። ፍሬው ግን መጥቆሩን አላቆመም።

የችግሩ ስም የካልሲየም እጥረት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የጎደለው ከፍሬው ውስጥ እንጂ ብዙውን ጊዜ ከአፈሩ አይደለም። ካልሲየም ወደ ፍሬው የሚደርሰው ሥሩ ከሚስበው ውኃ ጋር ብቻ ስለሆነ፣ አፈሩ አንድ ጊዜ ደርቆ ሌላ ጊዜ ሲጥለቀለቅ ጉዞው ይቋረጣል፤ የእንቁላል ቅርፊት ደግሞ አፈር ውስጥ የሚሟሟው እጅግ በዝግታ ስለሆነ ለዘንድሮ ቲማቲም አይደርስም። የሐዋሳ አፈር ከጥንት እሳተ ገሞራ አመድና ክብደት ከሌለው ፐሚስ ድንጋይ የተገኘ በመሆኑ ውኃ ቶሎ ያሳልፋል። የእኔ መደብ የቧንቧ ውኃ በተቋረጠባቸው ሦስትና አራት ቀናት ደርቆ ይቆይና ውኃው ሲመጣ በአንዴ ይጥለቀለቅ ነበር። በኋላ በርሜል ላይ አጠራቅሜ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ማጠጣት፣ መሬቱንም በደረቅ ሣር መጎዝጎዝ ስጀምር ቀጥሎ የመጡት ፍሬዎች አብዛኞቹ ንጹሕ ሆኑ።

ስለዚህ ጉዳት አለው ማለቴ ነው፤ ጉዳቱ ቅርፊቱ ሳይሆን እውነተኛው ምክንያት ሳይነካ ያለፈው ሁለት ወር ነው። ከጀሪካን ወይም ከማሰሮ ሥር ጠጠር መጨመርም እንዲሁ ነው፤ ውኃው ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር፣ ጠጠሩ የሚያደርገው ውኃ የሚቆምበትን ንብርብር ወደ ላይ፣ ወደ ሥሩ፣ መግፋት ብቻ ነው። ከታች በቂ ቀዳዳ መብሳት ይሻላል።

«የጥሩ ፕሮግራም መለኪያው የምስሉ ውበት ነው»

ድሮኑ ከሐይቁ በላይ ሲበር፣ ሙዚቃው ለስለስ ሲል፣ አበባው በቅርበት ሲታይ ዓይን ይማረካል፤ እኔም እማረካለሁ። ነገር ግን አትክልት በአመዛኙ የጊዜ ሥራ ሲሆን፣ ካሜራው የሚቆርጠው ደግሞ ያንኑ ጊዜ ነው። ቲማቲም ዘሩ ፈልቶ ወደ መደብ እስኪዛወር አንድ ወር ገደማ፣ ከዚያም የመጀመሪያው ፍሬ እስኪቀላ ሁለት ወር ተኩል ወይም ሦስት ወር ይፈጃል። ተመልካቹ የሚያየው የተከላውን ቀንና የለቀማውን ቀን ነው። ሰው ተስፋ የሚቆርጠው ግን በመካከሉ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው የቲማቲም ቅጠል ቦርቧሪ የእሳት ራት ትሉን ከቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል አስገብቶ ቅጠሉን ሲያነጣው፣ ቃሪያው ያለ ምክንያት አበባውን ሲያረግፍ።

እዚያው ቢቢሲ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1997 እስከ 2005 «ግራውንድ ፎርስ» የሚባል፣ የሰውን ጓሮ በሁለት ቀን ገደማ የሚለውጥ ፕሮግራም ያስተላልፍ ነበር። አቀራረቡ ወደ ብዙ አገር ተዛምቷል፤ እኛም ጋ አድሮ ይታያል። በእኛ ቴሌቪዥን ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ የአረንጓዴ አሻራ ተከላን በስፋት እናያለን። ችግኙ የሚኖር መሆን አለመሆኑ የሚለየው ግን በተከላው ቀን ሳይሆን በጥርና በየካቲት ድርቅ ነው፤ ካሜራው በዚያ ወር ተመልሶ ውኃ ተሸክሞ የሚሄደውን ሰው ቢያሳየን፣ ብዙ የምንማረው ከሱ ነው።

«እንሰትና ጎመን ሁሉም የሚያውቃቸው ስለሆኑ ለቴሌቪዥን አይመጥኑም»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህኛው ነው። የሲዳማ ጓሮ ራሱ የዕውቀት ቤት ነው፤ ከተማው ውስጥ ካደጉት ልጆቻችን መካከል ግን እንሰት እንዴት እንደሚራባ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። እንሰት በአመዛኙ የሚራባው ከዘር አይደለም። ተክሉ ተመርጦ ግንዱ ይቆረጣል፤ ከመሬት ሥር ያለው አሚቾ መሃሉ ላይ ያለው የማደጊያ እምቡጥ ተፈልፍሎ ይወጣለታል፤ ከዚያ በአፈርና በፍግ ይሸፈናል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያ ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ በብዙ አሥር የሚቆጠሩ ችግኞች ይፈላሉ። ችግኞቹ ከቦታ ቦታ እየተዛወሩ፣ ፍግ እየጠገቡ አድገው ለቆጮና ለቡላ እስኪደርሱ በርካታ ዓመታት ይወስዳሉ። ለካሜራ ከዚህ የሚያምር ምን አለ? ሌላ አገር ሄዶ ሊቀረጽ የማይችል ነገር ነው።

በሽታውም እንዲሁ ነው። የእንሰት አጠውልግ መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑ በሳይንሳዊ ጽሑፍ የተገለጸው፣ ያ የእንግሊዝ ፕሮግራም በጀመረበት በዚያው በ1968 ነው። መድኃኒት የለውም። የመካከሉ ቅጠል ይገረጣል፣ ይዝላል፤ ግንዱ ሲቆረጥ ደግሞ ነጣ ያለ ቢጫ ዝልግልግ ፈሳሽ ያንጠባጥባል። ከተክል ወደ ተክል የሚያሻግረው በዋናነት የእኛው መሣሪያ ስለሆነ፣ ቢላውን በእሳት መለብለብ ወይም በበረኪና ማጠብ፣ የታመመውንም ነቅሎ መቅበር ያስፈልጋል። ጓሮዋ በእንሰት የተሞላ አንዲት ጎረቤቴ እናት ሰው ሊረዳት ሲመጣ አስቀድማ ምድጃው አጠገብ ትወስደዋለች። «ልጄ፣ እኔ ሌባ አልፈራም፤ የምፈራው የሰው ቢላ ነው» ብላኛለች። ስለቱ ፍሙ ላይ እስኪሞቅ ጠብቃ፣ ሁለቱንም ገጽ አገላብጣ፣ ከዚያ ትመልስለታለች። የሁለት ደቂቃ ምስል ነው፤ በዕድሜዬ በቴሌቪዥን አይቼው አላውቅም።

«ፕሮግራሙ በየትኛውም ወር ቢተላለፍ ያው ነው»

አንድ አይደለም። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚዘጋጁት በአዲስ አበባ አቆጣጠር ስለሆነ የተከላ ነገር የሚያነሡት ክረምት ሲገባ፣ በሰኔ ነው። ሐዋሳ ላይ ግን በልጉ በመጋቢት ይጀምርና ዝናቡ እየቀነሰም እየጨመረም እስከ መስከረም ይዘልቃል። የተዳቀለ አቮካዶ መትከል የሚፈልግ ሰው ጉድጓዱን በየካቲት ቆፍሮ፣ የላይኛውን አፈር ከበሰለ ፍግ ጋር ደባልቆ መልሶ ሞልቶ፣ የመጀመሪያውን ዝናብ መጠበቅ አለበት። ይህን የሚያስተምረው ክፍል መተላለፍ ያለበት በጥር መጨረሻ ነው፤ በሰኔ ሲተላለፍ ለሐዋሳ ሰው የሦስት ወር ዝናብ አልፎታል።