የፕሮፖዛል አስተባባሪ ምንድን ነው?

የጨረታው ሰነድ ነገ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በፊት መግባት አለበት። የስትራክቸር መሐንዲሱ ሲቪ ከሦስት ዓመት ወዲህ አልታደሰም። ዋናው አርክቴክት የሥራ ዘዴውን እንዲጽፍ ከተነገረው ሳምንት ሆኖታል። የአንዱ ሆስፒታል ፕሮጀክት ስፋት በአንድ ገጽ 14,000 ካሬ ሜትር፣ በሌላው ገጽ 12,500 ተብሎ ሰፍሯል፤ የቱ ትክክል እንደሆነ ሲጠየቅ ሁሉም ሌላውን ያያል። ይህን ሁሉ ከየሰዉ እጅ ለቅሞ፣ አጣርቶና አንድ ወጥ ሰነድ አድርጎ በሰዓቱ የሚያስገባው ሰው የፕሮፖዛል አስተባባሪ ይባላል። በአርክቴክቸርና በምሕንድስና አማካሪ ድርጅቶች ውስጥ የማርኬቲንግ ሙያ ለብዙዎች የሚጀምረው እዚህ ወንበር ላይ ነው።

ማርኬቲንግ ሲባል ቢልቦርድና የፌስቡክ ገጽ የሚታየው ሰው በዚህ ሥራ ግር ሊለው ይችላል። ሳሙና የሚገዛ ሰው ሳሙናውን አይቶ፣ አሽትቶ ይገዛል። ድልድይ የሚያስነድፍ መሥሪያ ቤት ግን የሚገዛው ነገር ገና የለም። ያለው ቢጋር፣ ማለትም የሚፈለገው ሥራ የተዘረዘረበት ወረቀት፣ እና በጀት ነው፤ የሚመርጠውም ሰዎችን ነው። ማን ይሠራዋል? ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ሠርቷል? እንዴት ሊሠራው አስቧል? ፕሮፖዛል ማለት ለእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በማስረጃ የተሰጠ መልስ ነው። ማስታወቂያ የድርጅቱን ስም ያስታውስ ይሆናል እንጂ በገምጋሚው የነጥብ ወረቀት ላይ ቦታ የለውም።

ሙያው ራሱ ማስታወቂያን ለረጅም ጊዜ እንደ ነውር ሲያየው ኖሯል። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም አባላቱ ከፍለው እንዲያስተዋውቁ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በዚያው ዓመት የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ መሐንዲሶች በዋጋ እንዳይወዳደሩ የሚከለክለውን የማኅበራቸውን ደንብ ከፀረ ሞኖፖሊ ሕጉ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው። በዚህ መስክ የተሰማሩ ማርኬተሮች ማኅበር የሆነው ኤስኤምፒኤስ ደግሞ ከዚያ አምስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1973 ተመሥርቶ ነበር። ለሙያው ወጣትነት ይህ ምስክር ነው። ዛሬም በየቢሮው «እኛን ሥራችን ያስተዋውቀናል» የሚል አንጋፋ አርክቴክት አይጠፋም። እውነት አለው፤ ግን ሥራው ብቻውን ሰነድ አይሞላም።

አስተባባሪው ሥራውን እንዲረዳ በቅድሚያ ማወቅ ያለበት ነገር ዲዛይን እንዴት እንደሚገዛ ነው። በአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የብሩክስ ሕግ ዋጋን ወደ ኋላ ይገፋዋል። መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ ሦስት ብቁ ድርጅቶችን ለይቶ በደረጃ ያስቀምጣል፤ ዋጋ የሚደራደረው ከአንደኛው ጋር ብቻ ነው። ሁለተኛው የሚጠራው ከአንደኛው ጋር ስምምነት ሲጠፋ ነው። የዓለም ባንክ ገንዘብ ባለበት ፕሮጀክት በብዛት የሚሠራበት ደግሞ ጥራትና ዋጋን አጣምሮ የሚመዝነው ዘዴ ነው። ቴክኒካልና ፋይናንሻል ፕሮፖዛሉ በተለያየ ፖስታ ይገባሉ፤ የቴክኒኩ ነጥብ ተሰጥቶ እስኪያልቅ የዋጋው ፖስታ አይከፈትም፤ ከማለፊያው በታች ያገኘ ድርጅት ዋጋው ሳይታይ ይወድቃል። በሁለቱም መንገድ ጨዋታው የሚያልቀው በአብዛኛው ቴክኒካል ሰነዱ ላይ ነው። ያ ሰነድ ደግሞ የአስተባባሪው እጅ ያለበት ነው።

ወደ ወረቀቱ ጠጋ እንበል። የአሜሪካ ፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አርክቴክትና መሐንዲስ ሲመርጡ የሚጠቀሙበት ስታንዳርድ ፎርም 330 የሚባል ቅጽ አለ። ክፍል ኢ የቁልፍ ባለሙያዎች ሲቪ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው እስከ አምስት ተዛማጅ ሥራ ይጻፋል። ክፍል ኤፍ የድርጅቱ ማሳያ ፕሮጀክቶች ነው፤ ሌላ ቁጥር ካልተጠየቀ እስከ አሥር። ቀጥሎ ክፍል ጂ ይመጣል። ይህ አንድ ሰንጠረዥ ነው፦ በግራ የባለሙያዎቹ ስምና የሥራ ድርሻ፣ ከላይ አሥሩ ፕሮጀክቶች፣ ሰውየው በሠራበት ፕሮጀክት አንጻር ምልክት። ሌላ ብዙ ነገር የለውም። ገምጋሚው ግን በአንድ እይታ፣ እነዚህ ሰዎች አብረው ሠርተው ያውቃሉ ወይስ ለዚህ ጨረታ ነው የተሰባሰቡት የሚለውን ያነብበታል። ጀማሪ አስተባባሪ አሥሩን ፕሮጀክት በፎቶ ውበት ይመርጥና ሰንጠረዡ ባዶ ሆኖ ይደነግጣል። የቆየው ግን ከሰንጠረዡ ይጀምራል፦ መጀመሪያ ሰዎቹን፣ ከዚያ ሰዎቹ ያሉባቸውን ሥራዎች፣ ፎቶውን መጨረሻ። አሸናፊው ገጽ አንዳንዴ በጣም የማያምረው ነው።

ሁለተኛው ጥበብ ጥያቄ መጠየቅ ነው። መሐንዲስን «ስለ ፕሮጀክቱ አንድ አንቀጽ ጻፍልኝ» ቢሉት፣ የሚመጣው «ድርጅታችን ዘመናዊና ጥራቱን የጠበቀ የሆስፒታል ማስፋፊያ ዲዛይን በብቃት አከናውኗል» ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር ለየትኛውም ድርጅት፣ ለየትኛውም ሆስፒታል ይሆናል፤ ስለዚህ ለማንም አይሆንም። ያንኑ ሰው «እዚያ ሥራ ላይ ምኑ አስቸገረህ?» ብለው ቢጠይቁት ግን ግማሽ ሰዓት ያወራል። ሆስፒታሉ በሽተኛ ማስተናገዱን ማቋረጥ አልቻለም፤ ግንባታው በሦስት ምዕራፍ መከፈል ነበረበት፤ ጊዜያዊ የኦክስጅን መስመር ካልተዘረጋ አሮጌው ሕንፃ መነካት አይችልም ነበር። አስተባባሪው ይህን ሰምቶ በአራት መስመር ያሰፍረዋል። የተጠየቀው ጨረታም በሥራ ላይ ያለ ሆስፒታል ማስፋፋት ከሆነ፣ ገምጋሚው የራሱን ራስ ምታት በሌላ ሰው ሰነድ ውስጥ ያገኘዋል።

ከዚህ የተነሣ ለሥራው አርክቴክት ወይም መሐንዲስ መሆን ግዴታ አይደለም። ከጋዜጠኝነት፣ ከቋንቋ፣ ከግራፊክ ዲዛይን የመጡ ጥሩ አስተባባሪዎች ብዙ ናቸው። ኢንዲዛይን የተባለውን የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር መቻል ይጠቅማል፣ በወራት ይለመዳል። ፕላን ማንበብ፣ የዲዛይን ምዕራፎችን በቅደም ተከተል ማወቅ፣ ሳኒታሪ መሐንዲስ ከስትራክቸር መሐንዲስ ምኑ እንደሚለይ መረዳት ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ የሚማሩትም ሰው በመጠየቅ ነው።

መጥፎ ጎኑንም ልደብቅ አልፈልግም። ሁሉም የዘገየበትን ጊዜ የሚከፍለው የመጨረሻው ሰው ነው፣ የመጨረሻው ሰው ደግሞ አስተባባሪው ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እዚህ በየሳምንቱ ይታያል፦ ከአሮጌ ሰነድ የተቀዳ መሸኛ ደብዳቤ ላይ የቀድሞው ደንበኛ ስም ሲቀር፣ 30 ገጽ ተብሎ 34 ሲገባ፣ አንድ ፊርማ ሲጎድል። ለእነዚህ መድኃኒቱ አሰልቺ ነው፤ ሲቪና የፕሮጀክት መግለጫ ጨረታ በሌለበት ሳምንት ማደስ፣ ስፋቱንና የተጠናቀቀበትን ዓመት አንድ ቦታ ብቻ መያዝ፣ የመጨረሻውን ንባብ ሰነዱን ላልጻፈው ሰው መስጠት።

አስተባባሪው ከጸሐፊነት የሚወጣበት በር ሌላ ነው፤ «እንግባ ወይስ እንለፈው?» የሚለው ስብሰባ። እያንዳንዱ ፕሮፖዛል የአንጋፋ ባለሙያዎችን ሰዓት ይበላል፤ ያንን ሰዓት የሚከፍል ደንበኛ የለም። አለቆች የጨረታ ጥሪ ሲያዩ መግባት ይወዳሉ። በዚህ ጊዜ «ደንበኛውን ከጥሪው በፊት አግኝተነዋል? ለዚህ ዓይነት ሥራ ካስገባናቸው ስንቱ አጭር ዝርዝር ውስጥ ገባ?» ብሎ ያለፉትን ጨረታዎች መዝገብ ከፍቶ የሚያሳይ ሰው ድምፁ መሰማት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ይከፈታል፦ የማርኬቲንግ ሥራ አስኪያጅነት፣ ወይም ጥሪ ከመውጣቱ በፊት ደንበኛ ዘንድ የሚሄደው የቢዝነስ ዴቨሎፕመንት ሥራ፤ በአንዳንድ ድርጅቶችም የባለቤትነት ድርሻ። ኤስኤምፒኤስ ልምድ ላካበቱት ሲፒኤስኤም የተባለ የሙያ ማረጋገጫ በፈተና ይሰጣል። እኔ ግን ከምስክር ወረቀቱ በፊት ያን መዝገብ እመርጣለሁ።

መዝገቡ ውስጥ ከምንም በላይ ዋጋ ያለው የተሸነፍንበት ነው። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ከውጤቱ በኋላ ለጠየቀ ድርጅት የነጥብ ማብራሪያ ይሰጣሉ፤ ብዙ ተሸናፊ ግን ተናዶ አይጠይቅም። አስተባባሪው ይጠይቃል፣ ስብሰባው ላይ ይቀመጣል፣ ሳይከራከር ይጽፋል። «ሰዎቻችሁ እያንዳንዳቸው ጥሩ ናቸው፤ አብረው የሠሩበትን ግን አላየንም» ይሉታል። ወደ ቢሮ ተመልሶ የሚከፍተው ፋይል ያው ሰንጠረዥ ነው፤ ስሞቹ በግራ፣ ፕሮጀክቶቹ ከላይ።