የጥንት የፊልም ተዋንያን ፎቶግራፎች ስብስብና አያያዙ በሰሜን ሸዋ

የጥንት የፊልም ተዋንያንን ፎቶግራፍ መሰብሰብ፣ በተለይ ከ1920ዎቹ እስከ 1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ የሆሊውድ ስቱዲዮዎች ለጋዜጦችና ለመጽሔቶች ያሠራጯቸውን ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶግራፎች ፈልጎ ማግኘት፣ መለየትና ጠብቆ ማቆየት ነው። አብዛኞቹ 20 በ25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆኑ፣ ምስላቸው ጄላቲን በተባለ ሙጫ መሰል ስስ ሽፋን ውስጥ በታቀፉ ጥቃቅን የብር ቅንጣቶች የተሠራ ነው።

ዝናው የተዋንያኑ ቢሆንም ጥበቡ የፎቶ አንሺዎቹ ነው። ሩት ሃሪየት ሉዊዝ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምራ በኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ሠርታለች፤ ክላረንስ ሲንክሌር ቡል ተዋናይቷን ግሬታ ጋርቦን ለዓመታት አንሥቷል፤ በ1930 እ.ኤ.አ. ወደዚያው ስቱዲዮ የገባው ጆርጅ ሃረል ደግሞ በጠንካራ ብርሃንና በጥልቅ ጥላ ይታወቃል። የተዋናይቷ ጆአን ክራውፎርድ የፊት ጠቃጠቆ ከምስሎቿ ላይ የጠፋው ኔጋቲቩ፣ ማለትም ፎቶግራፉ የሚታተምበት ፊልም፣ በእጅ እየተነካካ በመስተካከሉ ነው።

የአንድ ፎቶግራፍ ዋጋ በአብዛኛው የሚታወቀው ከጀርባው ነው። የፎቶ አንሺው ማኅተም፣ የስቱዲዮው ስምና የተዋናዩን ማንነት የሚገልጸው የተለጠፈ ወረቀት ምስሉ በዘመኑ የታተመ መሆኑን ለማረጋገጥ ይረዳሉ፤ ስለዚህ ጀርባውን ለማጽዳት ሲባል ይህን ወረቀት መላጥ ትልቅ ጥፋት ነው። ከ1950ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ወዲህ በተሠሩ ብዙ የፎቶ ወረቀቶች ውስጥ ማንጫ ኬሚካል ስላለ፣ የ1930ዎቹ ነው የተባለ ፎቶግራፍ በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር ሰማያዊ ሆኖ ካበራ፣ የታተመው በኋለኛው ዘመን ነው። ፊርማም ቢሆን በጥንቃቄ መታየት አለበት፤ ብዙዎቹን የፈረሙት የተዋንያኑ ጸሐፊዎች ናቸውና።

በሰሜን ሸዋ አያያዙን የሚወስነው በዋናነት የአየር ጠባዩ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያላት የደብረ ብርሃን ብርድ ለፎቶግራፍ ይስማማል፤ በአንጻሩ የሸዋ ሮቢት ቆላማ ሙቀት ወረቀቱ ቶሎ እንዲወይብ ያደርጋል። ይሁን እንጂ ደጋውም የራሱ ችግር አለው። በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡና ጉሙ ሲበረታ ጄላቲኑ እርጥበት ይስባል፣ ይሻግታል፣ በመስታወት ፍሬም ውስጥ ያለ ከሆነም ከመስታወቱ ጋር ይጣበቃል። ኩበት የሚነድበት ቤት ጭስ የሚያወጣው ድኝ ያለበት ጋዝ ብሩን ያጠቃዋል፤ በጊዜ ብዛትም በምስሉ ጥቁር ክፍሎች ላይ እንደ መስታወት የሚያብለጨልጭ ሽፋን ይወጣል።

ስለዚህ ዋናውን ፎቶግራፍ ከማድቤት በራቀ ክፍል፣ ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ጠቅልሎ፣ ከጭቃው ግድግዳና ከወለሉ ባልተነካካ ሣጥን ውስጥ ማኖር፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውንም ቅጂ ማድረግ ይገባል። ገጹ ሙጫ የተቀባ አልበም ግን ምስሉ ሳይቀደድ ስለማይለቅ ፈጽሞ አይመከርም።