ሳንድራ ዴይ ኦኮነር፦ ከአሪዞና ሴኔት እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ከዚያ በፊት የለየላቸው ፖለቲከኛ እንደነበሩ ግን ብዙም አይወራም።

በ1930 ቴክሳስ ተወለዱ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያደጉት በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ወሰን ላይ፣ ከብት በሚረባበት በረሃ ነው። በልጅነታቸው አንድ ቀን ለእረኞቹ ምሳ ጭነው ሲነዱ የመኪናው ጎማ ተነፈሰ። ብቻቸውን ታግለው ቀየሩና አርፍደው ደረሱ። አባትየው አይዞሽ እንኳ አላሏቸውም፤ ቀደም ብለሽ መነሳት ነበረብሽ ነው ያሏቸው።

በ1952 ከስታንፎርድ በሕግ ቢመረቁም የጥብቅና ቢሮዎች ሴት አንቀጥርም አሉ። አንዱ የጸሐፊነት ሥራ አቀረበላቸው።

በ1969 የአሪዞና ሴኔት አንድ ወንበር ሲለቀቅ ሪፐብሊካኗ ኦኮነር ተሾሙበት። ከዚያ ሁለቴ ተወዳድረው አሸነፉ። በ1973 የአብላጫው ፓርቲ መሪ ሆኑ። በየትኛውም የአሜሪካ ግዛት ሴኔት ይህን ቦታ የያዘች ሴት አልነበረችም። ሥራው ድምፅ መቁጠር ነው፦ ማን ከእኛ ጋር ነው፣ ማን ሊያፈነግጥ ይችላል፣ ማንን ማለሳለስ ይቻላል። ጥንቃቄያቸውም ለጉድ ነበር። አንዴ ከረቂቅ ሕግ የጎደለች አንዲት ኮማ ለማስገባት ብቻ ማሻሻያ አቅርበዋል።

በ1974 በማሪኮፓ አውራጃ ለዳኝነት ተወዳደሩ። አዎ፣ ተወዳደሩ፤ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ዳኛም የምረጡኝ ቅስቀሳ ያደርጋል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን ይህ አሠራር ይቅር ብለው ተሟግተዋል። በ1979 የዴሞክራቱ አገረ ገዢ ብሩስ ባቢት ለይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሾሟቸው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ፕሬዝዳንት ሮናልድ ሬገን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊያጯቸው ደወሉ። የዋሽንግተኑ ሴኔት 99 ለ 0 አጸደቃቸው።

ዘጠኙ ዳኞች እኩል ሊከፈሉ በተቃረቡ ቁጥር ጠበቆች የሚያዩት የእሳቸውን ፊት ነበር። በ1992 የጽንስ ማቋረጥ መብትን ዋና ፍሬ ያስቀጠለውን ውሳኔ ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ጻፉ። በ2000 ቡሽና ጎር በፕሬዝዳንታዊው ምርጫ ውጤት ሲካሰሱ ደግሞ ለቡሽ ከፈረዱት አምስቱ አንዷ ነበሩ። አንዳንዱ ወጥ መርህ የላቸውም ብሎ ይተቻቸዋል። እኔ ግን በካባው ውስጥ ያቺን ድምፅ ቆጣሪ ሴናተር አያለሁ።

በጥር 2006 ሥራቸውን የለቀቁት የመርሳት በሽታ የያዛቸውን ባለቤታቸውን ለማስታመም ነው። በታኅሣሥ 2023 ፊኒክስ ውስጥ በ93 ዓመታቸው አረፉ። እሳቸው ከወጡ ወዲህ በሕዝብ ተመርጦ ሥልጣን ይዞ የሚያውቅ ሰው በዚያ ችሎት አልተቀመጠም።