ለቮልስ ካምሻፍት ከመግዛታችሁ በፊት

ቮልስ ያለው ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቫልቩን ከፍ አድርጎ የሚያነሳ ካምሻፍት ባስገባ ስንት የፈረስ ጉልበት ይጨምርልኛል?» ካምሻፍት እየዞረ ቫልቮቹን፣ ማለትም የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ በሮቹን፣ የሚከፍተው ዘንግ ነው። መጀመሪያ ቴስታታውን (ቫልቮቹ የተገጠሙበትን የሞተር ራስ) እንየው ስላቸው ፊታቸው ይጠቁራል።

«ቫልቭ ከፍ ባለ ቁጥር ብዙ አየር ይገባል።» እስከ ልኩ ድረስ ነው! የቮልስ 1600 ሲሲ ሞተር ማስገቢያ ቫልቭ ስፋቱ 35.5 ሚሊ ሜትር ነው። የስፋቱን ሩብ፣ ማለትም 9 ሚሊ ገደማ ሲነሳ፣ ዙሪያው ያለው ክፍተት ከራሱ ከቫልቩ አፍ ጋር እኩል ይሆናል። ከዚያ ወዲያ አየሩን የሚያንቀው የቴስታታው መተላለፊያ ነው። በሩን ብትበረግዱት ኮሪደሩ አይሰፋም። ሲንግል ፖርት ከሆነማ ሁለት ሲሊንደር በአንድ ቀዳዳ ነው የሚተነፍሰው። እዚያ ላይ 11 ሚሊ የሚያነሳ ካምሻፍት መግጠም ብር መጣል ነው።

ከ9 ሚሊው ትንሽ ማሳለፍ አይጎዳም። ቫልቩ ጫፍ ላይ የሚቆየው ለቅጽበት ነው፤ መሃሉን ግን ሲወጣም ሲወርድም ያልፈዋል። ስለዚህ ከ5 እስከ 8 ሚሊ ባለው ከፍታ ላይ በደንብ የሚተነፍስ ቴስታታ ይበልጣል። ገንዘቡን የቫልቭ መቀመጫ አሳምሮ ለሚቆርጥ ባለሙያ ስጡት።

አንድ ደንበኛዬ ከውጭ ያስመጣውን ካምሻፍት በፋብሪካው ቴስታታና የቫልቭ ሞላ ላይ አስገጥሞ መጣ። እንጦጦን በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረ መኪና በሁለተኛም ያቃስታል። ካምሻፍቱ ቫልቩን ዘግይቶ ስለሚዘጋው ፒስተኑ ያስገባውን አየር መልሶ ይገፋዋል። ሞላዎቹ ደግሞ እስከ መጨረሻ ተጨፍልቀው መላወሻ አጥተዋል።

«ከፍታ ላይ ስለሆንን ትልቅ ካምሻፍት ያስፈልገናል።» አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ካምሻፍት አየር አያወፍርም። ኮምፕሬሽኑን (ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበትን መጠን) በልኩ ከፍ አድርጉ፣ ካርቡራተሩን ለሳሳው አየር አስተካክሉ።

«ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ) የሚንቀጠቀጥ ሞተር ጉልበተኛ ነው።» የተቃጠለው ጋዝ ከአዲሱ ጋር እየተቀላቀለበት ነው፣ በቃ።

«የማስገቢያው ቀዳዳ እስኪያብረቀርቅ ይወልወል።» ለፎቶ ያምራል።

«ካምሻፍቱ ላይ ያለው ቁጥር የቫልቩ ነው።» አይደለም። የዚህ ሞተር ሮከር፣ ማለትም የካሙን ግፊት ወደ ቫልቩ የሚያስተላልፈው ክንድ፣ በ1.1 ያበዛዋል። ካሙ (ዘንጉ ላይ ያለው ጉብታ) 8 ሚሊ ቢያነሳ ቫልቩ 8.8 ይነሳል፣ ከዚያ ላይ የክሊራንሱ (በሮከሩና በቫልቩ መካከል የሚተወው ክፍተት) 0.15 ይቀነሳል። አንዳንዱ ሻጭ የካሙን ይነግራችኋል፣ አንዳንዱ የቫልቩን። የትኛውን እንደሆነ ሳትጠይቁ ብር አታውጡ።