ባዶ የአደጋ መዝገብ ምን ይነግረናል? ስለ ሥራ ቦታ ደህንነት ሕግ የሚባሉና የማይሆኑ ነገሮች

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው የአደጋ መከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ፣ ሠራተኛውን ስለ ሥራው አደጋ እንዲያስረዳ፣ የደረሰውን ጉዳት መዝግቦ እንዲያሳውቅ ያዝዛል። በወረቀት ላይ የሚነቀፍበት ብዙ አይደለም። በተግባር ይሠራል ወይ ሲባል ግን ደጋግሜ የምሰማቸው መልሶች ከመነሻቸው የተጣመሙ ናቸው።

«እዚህ ድርጅት አደጋ ደርሶ አያውቅም፤ ሕጉ እየሠራ ነው»

ከሁሉ የሚያታልለው ይህ ነው። መዝገቡን የሚይዘው አሠሪው ነው፤ በጉዳቱ የሚጠየቀውም ራሱ አሠሪው። ማሽን ጣቱን የቆረጠው የቀን ሠራተኛ ለሕክምና ጥቂት ብር ተሰጥቶት በማግስቱ ከሥራ ቢሰናበት፣ መዝገቡ ባዶ እንደሆነ ይቀጥላል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ብሪታንያ ከሰባት ቀን በላይ ከሥራ የሚያስቀር ጉዳትን አሠሪዎች እንዲያሳውቁ በሕግ ታስገድዳለች። ከዚህ ጎን ለጎን ሠራተኞቹን ራሳቸውን በናሙና ጥናት ትጠይቃለች። ሁለቱን ያነጻጸረው የአገሪቱ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ አሠሪዎች ማሳወቅ ከሚገባቸው የሚያሳውቁት ግማሽ ያህሉን እንደሆነ ይገምታል። ብሪታንያ እንዲህ ከሆነች የእኛን ባዶ መዝገብ እንዴት አምኜ ልቀበል?

ስለዚህ የተመዘገበው ጉዳት በድንገት ሲጨምር መደንገጥ አያስፈልግም። ቁጥጥር በጠበቀ ማግስት ቁጥሩ ቢያድግ፣ ተደብቆ የኖረው መታየት ጀምሮ ሊሆን ይችላል። ሞት ግን ለመደበቅ ስለሚከብድ እኔ ከሌላው ይልቅ የእሱን ቁጥር አምናለሁ።

«የተጎዳው በራሱ ጥፋት ነው»

አዋጁ እንዲህ አይልም። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ ሰክሮ ሥራ ከገባ ወይም በግልጽ የተሰጠውን የደህንነት መመሪያ ከጣሰ ግን ጉዳዩ ይለያል። ፎርማኑ ጠዋት ጠዋት «ተጠንቀቁ» ማለቱ፣ በእኔ ንባብ፣ ግልጽ መመሪያ አይደለም። ደግሞም የምርመራ ሪፖርት «የሠራተኛው ግድየለሽነት» ብሎ ሲዘጋ፣ መከለያ የሌለው ማሽን ቀጣዩን ሠራተኛ ይጠብቃል።

«ሄልሜትና ጓንት ከታደለ በቂ ነው»

ከአራተኛ ፎቅ፣ ከባሕር ዛፍ እንጨት መወጣጫ ላይ የሚወድቅን ሰው ሄልሜት አያቆመውም። መጀመሪያ አደጋውን ማስወገድ፣ ካልሆነ ማጠር ነው፤ ሰውነት ላይ የሚለበሰው መጨረሻ ይመጣል። የሚታየውና ፎቶ የሚነሣው ግን ሄልሜቱ ነው።

«ተቆጣጣሪ ሥራ ከማደናቀፍ በቀር ምንም አይጠቅም»

ይህ ሊለካ የሚችል ጥያቄ ነው፤ ተለክቷልም። በካሊፎርኒያ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪዎች አንዳንድ ድርጅቶችን በዕጣ መርጠው ይፈትሹ ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ከተፈተሹት 409 ድርጅቶችን ዕጣው ካልደረሳቸው ተመሳሳይ 409 ጋር አነጻጸረ። በተፈተሹት ዘንድ የጉዳት መጠን 9.4 በመቶ፣ ለጉዳት የሚወጣው ወጪ ደግሞ 26 በመቶ ቀነሰ። በሥራ ዕድልም ሆነ በሽያጭ ላይ የታየ ጉዳት አልነበረም።

የጥናቱ ቁልፍ ዕጣው ነው። ተቆጣጣሪ የሚሄደው አቤቱታ ወይም አደጋ ወዳለበት ብቻ ከሆነ፣ የተፈተሹትን ካልተፈተሹት ጋር ማወዳደር ፍተሻው አደጋ ያመጣ ያስመስላል። ሐኪም ዘንድ የሚሄዱት ሕሙማን ናቸውና ያሳመማቸው ሐኪሙ ነው እንደ ማለት ነው። የእኛም አዋጅ ተቆጣጣሪው በሥራ ሰዓት ሳይነግር እንዲገባ ይፈቅድለታል። ታዲያ ቀጠሮ ተይዞ፣ ግቢው ተጠርጎና ሻይ ቀርቦ የሚደረገውን ጉብኝት ቁጥጥር ብሎ መቁጠር አይከብድም?

«ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አለን»

በመስከረም 2012 እ.ኤ.አ. በፓኪስታኗ ካራቺ ከተማ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የተባለ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። ፋብሪካው ዓለም አቀፍ የማኅበራዊ ኃላፊነት ምስክር ወረቀት ያገኘው ከሳምንታት በፊት ነበር። በኋላ ፍርድ ቤት እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ ነው ቢልም፣ በተቆለፉ መውጫዎችና በብረት በታጠሩ መስኮቶች ውስጥ ሰዎቹን ያስቀራቸው ለኳሹ ብቻ አልነበረም።

«ጉዳዩ የአደጋ ጉዳይ ነው»

ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ በዓመት ከሥራ ጋር በተያያዘ ምክንያት ከሚሞቱት ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች 2.6 ሚሊዮኑን የሚገድለው በሽታ ነው፤ አደጋ የሚገድለው 330 ሺህ ያህሉን። አዋጃችንም በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታ እንደ ጉዳት ይቆጥራል። ነገር ግን የጥጥ ብናኝ ስትስብ የኖረች ፈታይ ሳሉ የሚጠናባት ፋብሪካውን ለቅቃ፣ አገሯ ገብታ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ የጤና ጣቢያው ባለሙያ «ቀድሞ ሥራሽ ምን ነበር?» ብሎ ካልጠየቃት፣ ፋብሪካው መዝገብ ላይ ጤነኛ ሆና ነው የቀረችው።