"የሶሻሊዝም የመጀመሪያ ደረጃ" ምንድን ነው? ሽግግር እንዳልሆነስ ስንቴ እንበል?

የቻይና ነገር በተነሳ ቁጥር አንድ አባባል ይመጣል። "ቻይና ገና በሽግግር ላይ ናት። በካፒታሊዝም አድርጋ ወደ ሶሻሊዝም እየሄደች ነው። ራሳቸውም 'የሶሻሊዝም የመጀመሪያ ደረጃ' ብለው አምነዋል።" ሰሞኑን አንድ ብዙ አድማጭ ያላቸው ተንታኝ ይህንኑ በሙሉ እርግጠኝነት ደገሙት። አሁንስ በዛ። የቻይና ኮሚኒስት ፓርቲ በዚህ ሐሳብ የሚለው የዚህን ተቃራኒ ነው። "የመጀመሪያ ደረጃ ላይ ነን" ማለት ሽግግሩ አልቋል ማለት ነው።

በፓርቲው አቆጣጠር ሽግግሩ ሥልጣን ከያዘበት ከ1949 እስከ 1956 ያለው ጊዜ ነው (የቻይናን ዓመቶች የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። በ1949 እንደ ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ያገለገለው የጋራ ፕሮግራም ሶሻሊዝምን የአገሪቱ ግብ አድርጎ አላሰፈረም። ጉዳዩ በግልጽ የመጣው በ1953 ነው። ያኔ "የሽግግሩ ዘመን አጠቃላይ መስመር" ወጣ። እርሻው፣ የእጅ ጥበቡ፣ የግል ፋብሪካውና ንግዱ ደረጃ በደረጃ ከግል እጅ እንዲወጣ ተወሰነ። የፓርቲው መሪ ማኦ ሥራው አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይፈጃል ብሎ ነበር። በ1956 መጨረሻ ላይ ግን በመሠረቱ ተጠናቀቀ ተባለ።

ያ ፍጻሜ ምን ይመስል እንደነበር አንድ ቀን ልጥቀስ። ጃንዋሪ 15 ቀን 1956 ቤይጂንግ ቲያናንመን አደባባይ 200 ሺህ ያህል ሰው ተሰበሰበ። የከተማዋ ነጋዴዎች ድርጅቶቻቸው ከመንግሥት ጋር በሽርክና መግባታቸውን የሚያበስር ደብዳቤ ለማኦ አቀረቡ። አቅራቢው ከ1669 ጀምሮ የቆየው የቶንግረንታንግ መድኃኒት ቤት ባለቤቶች ልጅ ነበር። ከበርቴዎቹ ንብረታቸውን እንዲሁ በባዶ አልለቀቁም። በተተመነላቸው ድርሻ ላይ በዓመት 5 በመቶ ወለድ እስከ 1966 ድረስ ሲከፈላቸው ቆይቷል። ደስታው ሁሉ ከልብ ነበር ብሎ መጻፍ ግን ይከብደኛል። በ1952 በነጋዴዎች ላይ የተካሄደው ዘመቻ ገና ከአእምሮ አልጠፋም ነበር። የዚያን ዘመን ፎቶ የሚያይ ሰው ይህን አብሮ ማሰብ አለበት።

ነገሩን በትዳር ላስረዳ። ሽማግሌ መላኩ፣ ጥሎሹ፣ ሠርጉ፣ ይህ ሁሉ ሽግግር ነው። ከሠርጉ በኋላ ጎጆ የወጡት ሙሽሮች አልጋ እንኳ ላይኖራቸው ይችላል። ተጋብተዋል ግን። "አልጋ ስለሌላቸው ገና እጮኛሞች ናቸው" የሚል የለም። "የመጀመሪያ ደረጃ" ማለት ይህ ነው፦ ትዳሩ ተመሥርቷል፣ ቤቱ ግን ባዶ ነው። ኑሮ እስኪቃና ሙሽሮቹ አንዱን ክፍል ያከራያሉ። ተከራዩ የግል ባለሀብቱ ነው። በ1988 ሕገ መንግሥቱ ሲሻሻል የግል ኢኮኖሚው እንደ ማሟያ ተፈቀደለት። በ1999 ደግሞ የኢኮኖሚው አስፈላጊ አካል ተባለ። ተከራዩ ከአከራዮቹ በላይ ሲከብር ጎረቤት "ቤቱ የማን ነው?" ቢል አይፈረድበትም። የፓርቲው መልስ "ካርታው በስማችን ነው" የሚል ነው። የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፣ የገጠሩ የጋራ ነው፣ ትልልቆቹ ባንኮችም በመንግሥት እጅ ናቸው። መልሱ ላያሳምን ይችላል። ግን ክርክሩ በተጋቡ ሰዎች ቤት ስላለው ነገር እንጂ ስለ እጮኝነት አይደለም።

ታዲያ ልዩነቱ ይህን ያህል የሚያከራክር ነው? አዎ፣ ሰው አልቆበታል።

ማርክስ በ1875 በካፒታሊስቱና በኮሚኒስቱ ኅብረተሰብ መካከል የአብዮታዊ ለውጥ ዘመን እንዳለ ጻፈ። የዚያ ዘመን መንግሥት የወዝ አደሩ አምባገነንነት ነው አለ። ኮሚኒዝሙንም ታችኛና ላይኛ እርከን ብሎ ለሁለት ከፈለው። ሌኒን የታችኛውን እርከን ሶሻሊዝም ብሎ ጠራው። ከዚያ ጥያቄው መጣ። ሽግግሩ የሚያበቃው የት ነው? ሶሻሊዝም ደጃፍ ላይ ነው ወይስ እስከ ኮሚኒዝም ይዘልቃል? ደጃፉ ላይ ካበቃ የመደብ ትግሉ ዋና ሥራ መሆኑ ይቀራል፣ ትኩረቱም ወደ ምርት ይዞራል። እስከ ኮሚኒዝም የሚዘልቅ ከሆነ ግን ጠላት መፈለጉ አያልቅም። በ1956 የፓርቲው ስምንተኛ ጉባኤ ወደ መጀመሪያው መልስ አዘነበለ። በ1962 ማኦ የመደብ ትግል በሶሻሊዝም ዘመን ሁሉ ይቀጥላል፣ ካፒታሊዝምም ሊመለስ ይችላል ብሎ አጠበቀ። ይህ አስተሳሰብ በ1966 ለጀመረውና ብዙ ሰው ላለቀበት የባህል አብዮት መሠረት ሆነ። ትዳሩ ጸንቷል ወይስ ፈርሷል ተብሎ በየማለዳው ችሎት በሚቀመጥበት ቤት ምጣድ አይጣድም።

"የመጀመሪያ ደረጃ" የሚለው ሐሳብ የወጣው ይህን ችሎት ለመዝጋት ነው። በ1981 የማዕከላዊ ኮሚቴው የታሪክ ውሳኔ የቻይና የሶሻሊስት ሥርዓት ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ መሆኑን ተናገረ። እዚያው ላይ ሥርዓቱ መመሥረቱን መካድ ስሕተት ነው አለ። በ1987 የፓርቲው መሪ የነበረው ዣዎ ዚያንግ ለ13ኛው ጉባኤ ባቀረበው ሪፖርት ሐሳቡ ሙሉ መልክ ያዘ። ደረጃው በ1950ዎቹ ተጀመረ፣ ቢያንስ መቶ ዓመት ይፈጃል፣ ከሽግግሩ ዘመንም የተለየ ነው። ይህ እኔ ያመጣሁት ትርጓሜ አይደለም፣ ሪፖርቱ ላይ በግልጽ የሰፈረ ነው። ከዚያም አልፎ ሪፖርቱ ቻይና በዳበረ ካፒታሊዝም ሳታልፍ ወደ ሶሻሊዝም መሄድ አትችልም የሚለውን አመለካከት የቀኝ ስሕተት ምንጭ ይለዋል። የምርት ኃይሎችን ሳያሳድጉ መዝለል ይቻላል የሚለውን ደግሞ የግራ ስሕተት ምንጭ ይለዋል። የእኛ ተንታኝ ለፓርቲው የሰጡት አቋም እንግዲህ ፓርቲው በስሕተትነት ከመዘገባቸው ከእነዚህ ሁለቱ የመጀመሪያው፣ የቀኙ ነው።

ዣዎ በ1989 ከሥልጣን ወረደ። እስኪሞት ድረስም በቁም እስር ኖረ። ሐሳቡ ግን አብሮት አልወደቀም፣ በ1993 ሕገ መንግሥት ውስጥ ገባ። በ2017 ፓርቲው የኅብረተሰቡ ዋና ቅራኔ ተለውጧል ሲል እንኳ ደረጃው አልተለወጠም አለ።

የእኛ አገር ሰው የሚሳሳትበት ምክንያት ያለ ይመስለኛል። ደርግ በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 1968 ያወጣው የብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ፊውዳሊዝምን፣ ኢምፔሪያሊዝምንና ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝምን ጠላት አድርጎ ለሶሻሊዝም መንገድ ይጠርጋል የሚል ነበር። እነዚህን ሦስት ጠላቶች ማኦም ከድሉ በፊት በአዲስ ዲሞክራሲ ስም ዘርዝሯቸው ነበር። ያ ከሶሻሊዝም በፊት የሚመጣ ምዕራፍ ነው። በዚያ የውይይት ክበብ ያለፈ ትውልድ "ደረጃ" ሲባል በቀጥታ ከሶሻሊዝም በፊት ያስቀምጠዋል፣ ለልጆቹም እንዲሁ አውርሷል። የ1987ቱ ደረጃ ግን በሩን ካለፉ በኋላ፣ ሶሻሊዝም ውስጥ ነው።

ቻይና ካፒታሊስት ናት ብሎ መከራከር ለሚፈልግ ሰው በቂ ማስረጃ አለለት። የግል ኩባንያዎቹን ይቁጠር፣ የሠራተኛውን ደመወዝ ይመልከት፣ በ1978 ሕገ መንግሥት ውስጥ የነበረው የሥራ ማቆም መብት በ1982ቱ ለምን እንደተሰረዘ ይጠይቅ። ይህ ጠንካራ ክርክር ነው፣ እኔም ቁም ነገሬ ብዬ እሰማዋለሁ። የሚያቀርበው ግን በራሱ ስም ይሁን። "ራሳቸው አምነዋል" አይበል፣ አላመኑምና።